ፋንቱና ቢጫው አግዳሚ

ቡታጅራ ውስጥ ጠፍቶ የተገኘ ልጅ ሁሉ ፋንቱን ያውቃታል። ጠፍቶ የማያውቅ ግን ባያውቃት አይፈረድበትም። ዘንቢሏን አንጠልጥላ ገበያ መሀል ጎመን ሻጯን ስትነዘንዝ ላያት እንደ ማንኛዋም ሴት ናት። ወፈር ያለች፣ ስትራመድ ወደ ግራ ዘንበል የምትል፣ ስትስቅ ከሩቅ የምትሰማ። ስትናደድ ደግሞ ከዚያም አልፋ የምትሰማ።

የምትሠራው አስፋልቱ ዳር፣ ከማሉ የሚባል ሰው በከፈተው የልጆች መጫወቻ ነው። በሩ ላይ በትልቁ «መዝናኛ ፓርክ» ተብሎ ተጽፏል። እውነቱን ለመናገር ያን ያህል ስም የሚሸከም ቦታ አይደለም። አንዲት ትንሽ ባቡር፣ የሚሽከረከሩ ፈረሶች፣ በአየር የሚነፋ ጃምፒንግ፣ ሸርተቴና ዥዋዥዌ፣ በቃ ይኸው ነው። መብራት ሲጠፋ ባቡሯ መንገድ ላይ ቀጥ ትላለች፤ ሠራተኞቹም እየገፉ ያደርሷታል። ልጆቹ እንደሆነ ስትገፋ ይበልጥ ይወዷታል። በአዘቦት ቀን ፋንቱ ቲኬት ትቆርጣለች፣ የማስቲካ ልጣጭ ትለቅማለች፣ ጫማቸውን ሳያወልቁ ጃምፒንግ ላይ የሚወጡትን ትቆጣለች።

መስቀልና አረፋ ሲደርስ ግን ሌላ ነገር ነው። ክርስቲያኑ በመስቀል፣ ሙስሊሙ በአረፋ፣ ጉራጌ ከያለበት ወደ አገሩ ይገባል። ከአዲስ አበባውም ከሐዋሳውም የመጣው ልጆቹን ይዞ ከተማ ይወጣል። እነዚህ ልጆች አጎታቸውን ትናንት ያወቁ፣ የአያታቸውን ስም ገና ያልያዙ ናቸው። ያ ሁሉ ሰው ሲተራመስ እጅ ይለቃሉ። የፋንቱ ትልቁ ሥራ የሚመጣው ያኔ ነው።

ይህን ሥራ ማንም አልሰጣትም። ከማሉ የቀጠራት ለቲኬት ነበር። በመጀመሪያው ዓመት መስቀል ላይ ግን አንድ የጠፋ ልጅ እየተንሰቀሰቀ፣ ጥበቃዎቹ ከበውት «አባትህ ማነው? ከየት ነው የመጣኸው? ለምን እጅ ለቀቅክ?» እያሉ ሲያፋጥጡት አየችና ደሟ ፈላ። «እናንተ መርማሪ ናችሁ እንዴ!» ብላ መሀላቸው ገባች። ልጁ ፊት ቁጢጥ አለችና «ባቡሯን ነው ፈረሱን የወደድከው?» አለችው። ልጁ ንፍጡን ሳብ አድርጎ «ፈረሱን» አለ። ከፈረሱ ተነስተው፣ ማን ፈረሱ ላይ እንዳወጣው፣ ያወጣው ሰው ምን እንደለበሰ እየተጨዋወቱ እናቱ ዘንድ ደረሱ። ከዚያ ወዲህ ልጅ ጠፋ ሲባል «ፋንቱን ጥሯት» ነው።

ባሏ ደምሴ ብየዳ ቤት አለው። ልጆቹ መሬት ላይ መቀመጣቸውን ሰምቶ ዝቅ ያለች የብረት አግዳሚ ሠራላት፤ እግራቸው መሬት እንዲነካ ብሎ ነው ዝቅ ያደረጋት። ባቡሯ ከተቀባችበት የተረፈ ቢጫ ቀለም ነበርና ቢጫ ሆነች። ደምሴ ራሱ አንድ ቀን ሊቀመጥባት ሞክሮ ጉልበቱ አገጩን ነካው።

ፋንቱ የራሷ ሕግ አላት። የጠፋን ልጅ ስም በድምጽ ማጉያ አትናገርም። «ስሙን አገር ከሰማ፣ ማንም መጥቶ ስሙን እየጠራ ይወስደዋል» ትላለች። ልብሱንም አትናገርም፤ እሱን የሚወስደው ሰው ራሱ ይንገራት እንጂ። ልጁን ደግሞ ሥራ ፈት አታስቀምጠውም፤ ወይ መጥረጊያ ታስይዘዋለች፣ ወይ የተቀደደ ቲኬት ታስለቅመዋለች። ሥራ የያዘ ልጅ ማልቀሱን ይረሳል ባይ ናት። ወላጅ ሲመጣ አግዳሚው ሳይደርስ ታስቆመውና «ማን ጠፍቶብህ ነው?» ብላ ትጠይቀዋለች፤ ከዚያ አንድ ብርጭቆ ውሃ ትሰጠዋለች። ልጁ ጠፍቶበት የደነገጠ ወላጅ ሲያገኘው መጀመሪያ የሚቃጣው ጥፊ እንደሆነ ታውቃለች። ውሃውን እስኪጠጣ እጁ ይበርዳል።

እንግዲህ በአንድ የአረፋ ዋዜማ እንዲህ ሆነ።

ከሰዓት በኋላ ነው። መጫወቻው ጢም ብሏል። የፈረሶቹ ሠራተኛ አንዲት ልጅ ይዞ መጣና «እትዬ ፋንቱ፣ ይቺ ልጅ ፈረሱ ከቆመ ቆየ፣ አልወርድም ብላለች» አለ። የስድስት ዓመት ግድም ናት። ፀጉሯ ሁለት ቦታ ተይዟል፣ ቀይ ሸራ ጫማ አድርጋለች። አላለቀሰችም። ከሚጮኸው ልጅ ይልቅ ፋንቱን የሚያስጨንቃት እንዲህ ያለው ነው፤ የሚያለቅሰውን ታባብለዋለች፣ እንባውን አምቆ የያዘውን ልጅ ግን ከየት ነው የምትጀምረው?

«ምነው ፈረሱ ተስማማሽ?» አለቻት ቁጢጥ ብላ።

«አባባ ስመለስ እዚሁ ላግኝሽ ብሎኛል።»

«አባባ ማን ናቸው?»

«የእማዬ አባት ነው። ነጭ ፂም አለው። እስከዚህ።» ደረቷን ነካች። ስትናገር ከፊት አንድ ጥርስ እንደጎደላት ታየ፤ ድዷ ገና ቀይ ነው።

«ጥርስሽን ማን ወሰደው?»

ልጅቷ አፏን በእጇ ሸፈነች። «አይነገርም። ሚስጥር ነው።»

ፋንቱ ሚስጥር ታከብራለች። መጥረጊያውን ሰጠቻት። ስሟ ሙዝደሊፋ መሆኑን፣ ከአዲስ አበባ ትናንት ወዲያ እንደመጡ፣ አባባ የሚባሉትን ሰው ከዚያ በፊት አይታቸው እንደማታውቅ፣ እናቷ ፈቲሀ እንደምትባል ልጅቷ እየጠረገች ነገረቻት። የእናቷን ስልክም እንደ መዝሙር ልቅም አድርጋ ወጣችው፤ በመዋዕለ ሕፃናት ያስጠኗት መሆን አለበት። ፋንቱ ደወለች። በዓል ነውና ያ ሁሉ ሰው ስልክ ላይ ነው፤ መስመሩ እንቢ አለ። ደጋገመች፣ እንቢ። በመጨረሻ አንዴ ጠራና ሳይነሳ ተቋረጠ።

ድምጽ ማጉያውን አነሳች። «ነጭ ፂም ያላቸው፣ ልጅ ይዘው የመጡ አያት ቢጫው አግዳሚ ጋ ይፈለጋሉ!»

በአረፋ ዋዜማ ቡታጅራ ላይ ነጭ ፂም ያለው አያት ጠርቶ ያየ ሰው ብቻ ነው ምን እንደሚከተል የሚገባው። ከሸርተቴው በኩል መጡ፣ ከበሩ በኩል መጡ፣ ልጆቻቸው በእጃቸው ያሉ ሁሉ «ምን አጠፋን?» እያሉ መጡ። አንደኛው የልጅ ልጃቸውን ትከሻቸው ላይ ተሸክመው «የእኔዋ ጠፋች እንዴ?» ብለው ጠየቁ። ሙዝደሊፋ መጥረጊያዋን ተደግፋ እያንዳንዳቸውን አየችና አይደለም ብላ ራሷን ነቀነቀች። ፋንቱ ይቅርታ ጠይቃ ሸኘቻቸው። ከማሉ ከቲኬት መቁረጫው ሆኖ ሆዱን ይዞ ሳቀ፤ ፋንቱ ግን አልሳቀችም፤ የልጅቷ አገጭ መንቀጥቀጥ ጀምሮ ነበር።

«ረስቶኝ ሄዶ ነው?» አለች ሙዝደሊፋ።

«ማን ነው አንቺን የሚረሳ!» አለች ፋንቱ። አምናበት አይደለም የተናገረችው። በልቧ እኚያን ሽማግሌ ትራገማቸው ነበር።

ሰይዶ የሚባሉት እኚህ ሽማግሌ በዚያች ሰዓት የት ነበሩ ቢባል፣ መንገዱን ተሻግሮ ፀጉር አስተካካዩ ወንበር ላይ። ድምጽ ማጉያውን በደንብ ሰምተውታል። «አይ የከተማ ሰው! ልጅ የሚጥል አያት አለ?» ብለው ለአስተካካዩ ነግረውታል። ስለ እሳቸው ነው የሚባለው ብለው ለአፍታ አላሰቡም፤ የእሳቸው ልጅ መቼ ጠፋች? ያስቀመጧት ቦታ አለች።

ይህን ከስንፍና የሚቆጥር የጉራጌን ሰፈር አያውቅም። ሰይዶ የኖሩት በመስቃን ገጠር፣ ጀፎረ ዳር ነው። ጀፎረ በቤቶቹ ረድፍ መካከል የተዘረጋው ሰፊው ለምለም ሜዳ ነው፤ ልጅ ማለዳ ይለቀቅበታል፣ ማታ ይሰበሰብበታል። የልጁን ጠባቂ ማንም አይጠይቅም፤ በየደጁ ያለ ሁሉ ያየዋል፣ ቢወድቅ ያነሳዋል፣ ቢያጠፋ ይቆነጥጠዋል። ሰይዶ አምስት ልጆች እንዲያ አሳድገዋል። መጫወቻው ሲገቡ አጥር ያለው፣ በሰውና በልጅ የተሞላ ሜዳ አዩ። ፈረሶቹ አጠገብ ለተቀመጠች ለማያውቋት ሴት «ልጅቱን እያት» ብለው አንገታቸውን ነቅንቀው ሄዱ። ሴትዮዋም አንገቷን ነቀነቀች፤ ሰላምታ መስሏት ይሆናል። የራሷ ልጆች ሲጠግቡ ይዛቸው ወጣች።

ሲመለሱ ፈረሶቹ ላይ ሌሎች ልጆች ናቸው። ሴትዮዋም የለችም። ሰይዶ መጀመሪያ ቀስ ብለው፣ ቀጥሎ ፈጠን ብለው፣ ከዚያ ሰው እየገፉ መጫወቻውን ዞሩ። ለልጅቱ ገዝተው የያዙት ሸንኮራ የት እንደወደቀ አላወቁም። ቢጫው አግዳሚ ጋ ቀይ ጫማውን ሲያዩ «ያ አላህ!» ብለው እጃቸውን ዘርግተው መጡ።

ሙዝደሊፋ ከፋንቱ ቀሚስ ኋላ ተደበቀች።

የመጡት ሰው ፂም ቀይ ነበራ! በሂና የተነከረ፣ የሚያብረቀርቅ፣ እንደ በሰለ በርበሬ የቀላ።

ፋንቱ መሀላቸው ቆመች። «ማን ጠፍቶብዎ ነው አባቴ?»

«ልጄ ናት! የልጄ ልጅ! ነይ ሙዝደሊፋ፣ ነይ!»

«የእኔ አባባ ነጭ ነው» አለች ልጅቷ ከቀሚሱ ኋላ።

ፋንቱ ውሃውን አቀረበችላቸው። ሰይዶ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው «ፆመኛ ነኝ ልጄ» አሉ። ፋንቱ ብርጭቆውን ይዛ ቀረች። የምታበርድበት ሌላ ነገር አልነበራትም።

«እንግዲያው ይቀመጡ። ስሟን ማወቅዎ ብቻ አይበቃኝም፣ ጥቂት ነገር ልጠይቅዎ። ምን ለብሳ ነው ይዘዋት የመጡት?» አለች፤ ልጅቷን በቀሚሷ እንደሸፈነች።

ሰይዶ አሰቡ። «የከተማ ልብስ።»

«ዕድሜዋስ?»

«አምስት... ሰባት ትሆናለች። አላህ ያሳድጋት።»

«ምን ትወዳለች? ምን ትፈራለች? ቤት ውስጥ ምን ብላችሁ ነው የምትጠሯት?»

ሽማግሌው ቀይ ፂማቸውን በመዳፋቸው ያዙና ወደ መሬት አዩ። «አላውቅም» አሉ በመጨረሻ። «ወላሂ አላውቅም። ያወቅኳት ትናንት ወዲያ ነው።»

ከማሉ ይኼኔ መጣ። «እትዬ ፋንቱ፣ ሰይዶን እኮ አውቃቸዋለሁ! ከቆሼ ገበያ በርበሬ እያመጡ ስንት ዓመት ሸጠውልኛል። ስጫቸውና ይሂዱ፣ ሰው ተሰበሰበብን።»

«አንተ በርበሬያቸውን ነው የምታውቀው» አለችው ፋንቱ። «ልጅቷን ታውቃታለህ?»

«ኧረ ሰውዬው—»

«ከማሉ! ባቡርህ ቆማለች፣ ሂድ ግፋ።»

ከማሉ የመጫወቻው ባለቤት ነው። ሄዶ ባቡሯን ገፋ።

ፋንቱ ስልኳን አወጣች። «እናቷ ጋ ደግሜ ልደውል።»

ሰይዶ ከአግዳሚው ብድግ አሉ። «አይሆንም! ልጄ፣ በአላህ ይዤሻለሁ፣ ለእሷ አትደውይ!»

እንዲህ ያለውን ቃል ከወሳጅ አፍ መስማት ለፋንቱ መጥፎ ምልክት ነው። ፊቷ ተለወጠ። ሽማግሌውም ገባቸውና መልሰው ተቀመጡ፤ ያቺ አግዳሚ ለልጅ የተሠራች ናትና ጉልበታቸው ወደ ላይ ወጣ። እንደዚያ ታጥፈው ተናገሩ።

«ፈቲሀ ያገባችው እኔ እንቢ ያልኩትን ሰው ነው። ደጄን እንዳትረግጪ አልኳት። አፍ ነው፣ ያወጣዋል፣ መመለስ ግን... እሷም የኔው ልጅ ናት፣ እልኸኛ። ይቺ ስትወለድ አልሄድኩም። ለዘንድሮ አረፋ ማንም ሳይለምናት ራሷ መጣች። ዛሬ ጠዋት ልጅቱን ከተማ ላሳያት አልኳት። ብዙ አየችኝ። ከዚያ የልጅቱን እጅ አንስታ እጄ ላይ አደረገችልኝ። አሁን ልጅሽ ጠፋችበት ብትባል ነገ ጠዋት መኪና ላይ ናት። ሁለተኛ አትመጣም። እኔ ደግሞ ሌላ ሰባት ዓመት የለኝም።»

የፋንቱ ዓይን ሞላ። አምናቸዋለች፤ ያመነቻቸው ገና «አላውቅም» ሲሉ ነው፤ ልጅ ሊሰርቅ የመጣ ሰው መልስ አያጣም። ግን የእሷ ማመን ምን ያደርጋል? ልጅቷ ቀሚሷን ጨምድዳ ይዛለች። የሚፈራን ልጅ፣ አያትም ቢሆን፣ አስገድዳ ለማንም ሰጥታ አታውቅም፤ ዛሬም አትሰጥም። ደግሞም ልጅ ጠፍቶ ከእናት አይደበቅም። ደወለች። መስመሩ አሁንም እንቢ አለ።

ቁጢጥ አለችና ሙዝደሊፋን ወደ ፊት አመጣቻት። «ስሚ የኔ እመቤት። እኔ ጠየቅኳቸው፣ መልስ አጡ። አሁን አንቺ ጠይቂያቸው። አባባ ብቻ የሚያውቀውን፣ እኔ እንኳ የማላውቀውን ጠይቂያቸው።»

ልጅቷ መጥረጊያውን በሁለት እጇ ይዛ ቆመች። ቀዩን ፂም ብዙ አየችው። ድምፁን የምታውቀው መሰለች፤ ፂሙን ግን ጨርሶ አታውቀውም።

«ጠዋት ምን ሰጠሁህ?» አለች።

በሽማግሌው ፊት ላይ የሆነ ነገር ተከፈተ። እጃቸው ወደ ደረት ኪሳቸው ሄደ፤ ቁልፉን መፍታት ግን አቃተው። ፋንቱ ልትረዳቸው ፈልጋ እጇን ሰበሰበች። በመጨረሻ አንድ የታጠፈ የባቡር ቲኬት አወጡ። ቀስ ብለው ፈቱት። መሀሉ ላይ አንዲት ትንሽ የወተት ጥርስ ነበረች።

«ሸንኮራ ስትግጪ ወለቀች» አሉ። «እናንተ ቤት ፎቅ ነው፣ ጣሪያው አይደረስበትም አልሽኝ። የኔ ጣሪያ ሣር ነው፣ ዝቅ ያለ ነው፣ ማታ እዚያ ላይ እንወረውራታለን አልኩሽ። እስከዚያ ለማንም አይነገርም ተባባልን። አልተናገርኩም።»

ሙዝደሊፋ መጥረጊያውን ጣለችው። ሄዳ ጉልበታቸው መሀል ገባች። ከዚያ ነው ያለቀሰችው፤ ያንን ሁሉ ሰዓት አምቃው የነበረውን እንባ አንድ ላይ ለቀቀችው። ሰይዶ እጃቸውን ጀርባዋ ላይ እንዴት እንደሚያደርጉ እንኳ ያወቁ አይመስሉም፤ እንደ እንቁላል ነው የያዟት። በዙሪያው የቆመው ሰው ዓይኑን ይጠርጋል፣ ፋንቱ በቀሚሷ ጫፍ አፍንጫዋን ትጠርጋለች።

«ፂምህን ምን አደረግከው?» አለች ልጅቷ ሲወጣላት፣ በጣቷ እየነካካችው።

«ቀባሁት። ለእናትሽ ብዬ ነው። ድሮ ልጅ ሳለች የአረፋ ዋዜማ ሂና በጥብጣ የምትቀባኝ እሷ ነበረች። አንዴ ቅንድቤን ጨምራ ቀብታኝ ሰላት ላይ ሰው ሁሉ ሳቀብኝ። ከሄደች ወዲህ ማንም አልቀባኝም፣ ነጭ ሆኖ ቀረ። ዘንድሮ ስትመጣ... ነገ ስታየኝ እንደ ድሮው እንድታየኝ ብዬ ነው።»

«ለምን እሷ አትቀባህም?»

«እንዴት ብዬ እጠይቃታለሁ?» አሉ ሽማግሌው።

የፋንቱ ስልክ ጮኸ።

«ሄሎ፣ ከዚህ ቁጥር ተደውሎልኝ ነበር» አለች የሴት ድምጽ። ከኋላዋ የድስት ድምጽና የሴቶች ጫጫታ ይሰማል፤ ዋዜማው የሴቶች አረፋ ነውና ቤቱ ሙሉ ሥራ ላይ ነው።

ሰይዶ ፋንቱን ቀና ብለው አዩ። አልለመኑም። ዓይናቸው ብቻ ለመነ። ልጅቷ ተገኝታለች፤ «ተሳስቼ ነው እህቴ» ብላ ብትዘጋው ማን ያውቃል? ይህ በፋንቱ ሐሳብ አላለፈም ብንል ዋሽተናል። አለፈ።

«እህቴ፣ ልጅሽ ደህና ናት፣ አትደንግጪ፣ አስፋልቱ ዳር ያለው መዝናኛ ፓርክ ውስጥ አጠገቤ ናት» አለች። «አባትሽ የሚነግሩሽ ነገር አለ።» ከዚያ ስልኩን ለሽማግሌው ዘርግታ ዝቅ ባለ ድምጽ «እርስዎ ይንገሯት፣ አባቴ። ከእኔ አፍ ስትሰማው ሌላ ነው፣ ከእርስዎ ስትሰማው ሌላ» አለቻቸው።

ሰይዶ ስልኩን እንደ ትኩስ ነገር ያዙት። «ፈቲሀ» አሉ። «ልጅቱ ጠፍታብኝ ነበር። ጀፎረ ላይ እንደማስቀምጥ አስቀምጫት ሄድኩ። ፈልገው ያገኙልኝ እዚህ ያሉት ሰዎች ናቸው። ስመጣም አላወቀችኝም፣ ፂሜን ቀብቼው ነበር... ለአንቺ ብዬ... እኔም ስለ እሷ ሲጠይቁኝ ምንም አላወቅኩም። ይኸው ነው። ሌላ የለም።»

ሰይዶ ጠበቁ። ስልኩን ከጆሯቸው አንስተው አዩት፤ ጠፍቷል።

«ዘጋችው» አሉ።

«መስመሩ ነው» አለች ፋንቱ ቶሎ ብላ። «ዛሬ እንዲሁ ነው የሚያደርገው።» መልሳ ደወለች፣ አይሠራም። መስመሩ ይሁን ፈቲሀ ትሁን ግን እሷም አላወቀችም።

ሽማግሌው ጥርሷን መልሰው ጠቀለሏትና ለሙዝደሊፋ ሰጧት። «አንቺ ያዣት» አሉ። «ምናልባት አዲስ አበባም የሣር ጣሪያ ይኖር ይሆናል።» ፋንቱ ይህን ስትሰማ ስልኩን አሳልፌ ባልሰጠሁ ኖሮ ብላ ራሷን ወቀሰች።

እንዳይሄዱ ከለከለቻቸው። ምክንያቷን እንኳ አልተናገረችም፤ «ትንሽ ይቆዩ፣ ፀሐዩ ይብረድ» አለች ብቻ፣ ፀሐዩ ከዘቢዳር ተራራ ጀርባ ሊገባ እየተዘጋጀ ሳለ። አያትና የልጅ ልጅ ቢጫው አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ፣ እሷ እግሯ መሬት ነክቶ፣ እሳቸው ጉልበታቸው አገጫቸው ስር ሆኖ። ሥራ ፈት ማስቀመጥ ስለማትወድ ሁለቱንም የተቀደደ ቲኬት አስለቀመቻቸው።

መጫወቻው ሰው እየቀለለው ሳለ አንድ ባጃጅ በሩ ላይ በኃይል ቆመ። አንዲት ወጣት ሴት ሳትረጋጋ ወረደች። የቤት ነጠላ ጫማ ነው ያደረገችው፣ እጅጌዋ እንደተሰበሰበ ነው፣ ክንዷ ላይ የጎመን ቅጠል ተለጥፏል። ፋንቱ ከሩቅ አየቻትና በለመደችው ቦታ ላይ ቆመች። ሴትየዋ ዓይኗ ጥርስ የነከሰ ሰው ዓይን ነው፤ ለጥፊ ይሁን ለእንባ አይለይም። ሽማግሌው አይተዋት ተነስተው ነበር፣ እንደ ጥፋተኛ ልጅ እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው።

ፋንቱ ውሃ አልያዘችም፣ ፆም መሆኑን አስታውሳለች። ግን ሕግ ሕግ ነው። መንገዷ ላይ ቆመችና ጠየቀቻት።

«ማን ጠፍቶብሽ ነው እህቴ?»

ፈቲሀ ቆመች። ትንፋሿ ይቆራረጣል። ወደ አግዳሚው አየች። ልጇ ቲኬት በእቅፏ ሙሉ ይዛ ትስቃለች፣ አንድ የፊት ጥርሷ የለም። አጠገቧ የቆሙትን ሽማግሌ አየች፤ ፂማቸው ቀልቷል፣ አስተካካዩ ተቻኩሎ አንገታቸውን ሳይቀር ነው ያቀላው።

«አባቴ» አለች።

ፋንቱ መንገድ ለቀቀችላት።

ፈቲሀ ልጇን በአንድ እጇ እያቀፈች በሌላው እጇ የአባቷን ፂም ያዘች። አዞረችው፣ ገልብጣ አየችው፣ ልክ የተበላሸ ሥራ እንደምትመረምር ባለሙያ።

«ማን ነው እንዲህ ያበላሸህ?» አለች፣ እንባዋ እየወረደ። «ምነው አባ፣ እኔ እያለሁ?»

ሙዝደሊፋ ቲኬቱን ፈትታ ጥርሷን ለእናቷ አሳየቻትና፣ ማታ ሦስቱም አብረው እንደሚወረውሯት፣ ከዚያ በፊት ግን ለማንም እንደማይነገር አስጠነቀቀቻት።